ጠባያችንን ማን ይንገረን?

እሷ፦ ሐዋሳ ባህል አዳራሽ ደጃፍ ዝግጅት የሚጠብቁ ወጣቶች ስልካቸው ላይ «በልብህ ነው በጭንቅላትህ የምትወስነው?» የሚል መጠይቅ ሲሞሉ ታያለህ። ውጤቱን ሲያነቡ «ቁርጥ እኔን!» ይላሉ።

እሱ፦ «ቁርጥ እኔን!» ማለት ግን አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና መምህር ቤርትራም ፎረር 39 ተማሪዎቹን የጠባይ ፈተና ፈተነ። ለሁሉም ያደለው ውጤት አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር። እነሱ ግን ለትክክለኛነቱ ከ5 በአማካይ ከ4 በላይ ሰጡት።

እሷ፦ እኛም ዘንድ የራስንና የእናትን ስም ፊደል ቆጥሮ በአውደ ነገሥት መጽሐፍ ኮከብ ማስላት የቆየ ነው። ራስን የማወቅ ጉጉት አይናቅም።

እሱ፦ እውነትሽን ነው እህቴ። እኔ ግን መልስ ስንመርጥ ያመነታንበት ጥያቄ ስለ አስተሳሰባችን የበለጠ ይነግረናል እላለሁ።

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ መጠይቁን ሙሉት፤ ውጤቱን ለሚያውቃችሁ ሰው አሳዩ። የትምህርት መስክ ወይም ትዳር ግን በእሱ አትምረጡ።