ኬቶጄኒክና የሜዲተራኒያን አመጋገብ ባንድ ማዕድ ይቀርባሉን?

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በጤና ማኅበር ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ይህን ርእስ የመረጥነው ከመካከላችን በአንዱ ቤት በደረሰ ነገር ምክንያት ነው። አባቱ የስኳር በሽታ አለባቸውና «እንጀራና ጥራጥሬ ጨርሰው ይተዉ፥ ሥጋና ቅቤ ይብሉ» የሚል ምክር ሰምተው፥ ሐኪም ሳያማክሩ ጀመሩ። መድኃኒቱን ግን እንደ ቀድሞው ይውጡ ስለ ነበር፥ አንድ ሌሊት በደማቸው ያለው ስኳር እጅግ ወርዶ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስኳር በውኃ በጥብጠው አጠጥተው አተረፏቸው።

ምክሩ ኬቶጄኒክ ከሚባለው አመጋገብ የመጣ ነው። ይህንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒኩ ዶክተር ራስል ዋይልደር ያቀረቡት የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ነበር። ሰው እህልና ስኳር እጅግ ሲቀንስ ጉበቱ ከስብ ኬቶን የሚባል ነገር ይሠራል፤ ሰውነትም በዚያ ይንቀሳቀሳል። የሜዲተራኒያን አመጋገብ ግን እንደ ቀርጤስ ያሉ አገሮች የገበሬ ማዕድ ነው፤ የወይራ ዘይት፥ ቅጠላ ቅጠል፥ ሽምብራ፥ ዓሣ፥ ፍራፍሬና ያልተፈተገ እህል ዳቦ ይበዛበታል።

ሁለቱን ለማዋሐድ የሞከሩ አሉ። የስፔን ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት፥ እህሉን አስቀርተው የወይራ ዘይት፥ ዓሣና ሰላጣ ለ31 እጅግ ወፍራም ሰዎች ሰጡ፤ በ12 ሳምንት ክብደታቸው ቀነሰ። (ቀይ ወይን ጠጅም ነበረበት፤ እሱን ለተማሪ አንመክርም።) ይሁን እንጂ የሚነጻጸር ሌላ ቡድን አልነበረውም።

እኛን ይበልጥ ያስደነቀን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቻቸው በ2022 ያሳተሙት ነው። የስኳር በሽታ ያለባቸው ወይም ወደዚያ የተቃረቡ 33 ሰዎች ሁለቱንም አመጋገብ በየተራ፥ 12 ሳምንት 12 ሳምንት ተመገቡ። በሁለቱም ስኳርና የተፈተገ ዱቄት ተከለከለ፥ አትክልት በዛ፤ ልዩነቱ ጥራጥሬ፥ ፍራፍሬና ያልተፈተገ እህል ብቻ ነበር። የወራቱን የደም ስኳር በሚያሳየው ምርመራ አንዱ ካንዱ አልበለጠም። በኬቶጄኒኩ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ይበልጥ ቀነሰ፤ ልብን የሚጎዳው ኤልዲኤል ኮሌስትሮል ግን ጨመረ። እንግዲህ ሽሮው ምን በደለ?

የባልንጀራችን አባት ሐኪማቸው መድኃኒቱን መጥኖላቸው፥ ዛሬ ሻያቸውን ያለ ስኳር ይጠጣሉ። ጎመኑ በዝቷል፥ ሽሮውም ወደ ማዕዱ ተመልሷል። እንጀራው ስንት ይሁን በሚለው ነገር ግን ከባለቤታቸው ጋር እስካሁን አልተስማሙም።