የተበጠሰ ሽቦ እና የአውቶሜሽን ሥልጠናችን



እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፒኤልሲ ሲፈጠር፣ የፕሮግራሙ ቋንቋ የሪሌይ ሥዕል እንዲመስል የተደረገው የፋብሪካ ኤሌክትሪሻን እንዲያነበው ታስቦ ነው። ሥልጠናችን ይህን የዘነጋው ይመስለኛል። ሠልጣኙ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ጽፎ ይመረቃል። በፋብሪካ ውስጥ ግን ፕሮግራሙ ራሱን አይለውጥም፤ የሚላላው የሽቦ ማሰሪያ፣ አቧራ የሚሸፍነው ሴንሰር ነው።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በታንከር ውስጥ ያለውን ውኃ የሚለካ መሣሪያ ንባቡን ብዙ ጊዜ የሚልከው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ባለው ፍሰት ነው። ስለ ምን ከ0 አልጀመረም? ታንከሩ ባዶ ሲሆን 4 ይነበባል፤ ሽቦው ሲበጠስ 0። ባዶነት በ0 ቢገለጽ ኖሮ ሁለቱን መለየት አይቻልም ነበር፤ ፓምፑም የሞላውን ታንከር መሙላቱን ይቀጥል ነበር። የድንገተኛ ማቆሚያ አዝራርም በዚሁ አስተሳሰብ ይዘረጋል፦ ሽቦው ቢቆረጥ ማሽኑ ይቆማል። ሮቦት አጠገብ ለሚሠራ ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የተግባር ፈተናው እንዲለወጥ እጠይቃለሁ። መምህሩ በስውር አንድ ሽቦ ይፍታ፤ ሠልጣኙ መልቲሜትር ይዞ ይፈልገው። ለዚህ ውድ የሮቦት ክንድ አያስፈልግም፤ የ24 ቮልት ኃይል ምንጭ፣ ፒኤልሲና ጥቂት ሴንሰሮች ይበቃሉ። ሰዓቱ አልቆ ሽቦውን ባያገኘው እንኳ፣ የት የት እንደለካና ስለ ምን እንደለካ በቅደም ተከተል ላስረዳኝ ሠልጣኝ ግማሹን ነጥብ ያለማመንታት እሰጠዋለሁ።