የሐይቁን ሥዕል ከሰሌዳው ላይ ስለማንሳታችን
(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው የሐይቁን ጥልቀት የሚያሳይ ሥዕል በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፈን ነበር። በሦስተኛው ቀን አነሳነው። «ያማረ ሥዕል ነበር እኮ፤ ለምን አነሳችሁት?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። መልሱን ለሁላችሁም በአንድነት ለመስጠት ይህን ንግግር አዘጋጅተናል።

ሥዕሉ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ልጆቻችን በሐይቁ ዳር ይዋኛሉ፤ እናቶችና እኅቶች ውሃ ይቀዳሉ፣ ልብስ ያጥባሉ። ውሃው ከላይ ሲታይ ሁሉም ቦታ አንድ ነው። «እዚህ ጋ ጥልቅ ነው» ብለን ብንጽፍ ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ ጉድጓዱ ጉድጓድ መስሎ የሚታይበት ሥዕል ይሻላል ብለን ተነሣን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተጠቀምንበት ጊምፕ የሚባል የፎቶግራፍና የሥዕል ማስተካከያ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። በ1988 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ሲሆን በነፃ ይገኛል። እኛ ከአንደኛ ደረጃ ያላለፍነው ከማኅበሩ ወጣቶች ጋር ተቀምጠን ተምረነዋል፤ እናንተንም አያቅታችሁም።

በመጀመሪያ ቦታው በነጭ፣ በግራጫና በጥቁር ይሣላል። ከፍ ያለው ነጭ፣ ዝቅ ያለው ጥቁር፣ መካከለኛው ግራጫ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቀለሙና ጽሑፉ በየራሳቸው ሌየር ላይ ይሠራሉ፤ ይኸውም በመስተዋት ላይ የተሣሉ ሥዕሎችን አንዱን ባንዱ ላይ እንደ መደርደር ነው። ሦስተኛ፣ ባምፕ ማፕ በሚባለው ትእዛዝ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ለፕሮግራሙ ይነገረዋል። ወደ ብርሃኑ የዞረው ተዳፋት ይፈካል፤ ጀርባውን የሰጠው ይጠቁራል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የኩይሳው አንዱ ጎን በርቶ ሌላው ጥላ እንደሚሆነው ማለት ነው። ወረቀቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ዓይን ጉብታና ጉድጓድ ያያል።

ብርሃኑ ግን ከላይ በኩል መምጣት አለበት። ከታች ከመጣ ዓይን ይታለልና ጉድጓዱ ጉብታ ይመስላል። እኛም መጀመሪያ ተሳስተን ሐይቁን ኮረብታ አድርገነው በራሳችን ስቀናል።

ትልቁ ስሕተት ግን የሚያስቅ አልነበረም። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የወሰድነው በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በራዳር ከለካችው መረጃ ነው። ራዳሩ ደግሞ የውሃውን ፊት እንጂ ሥሩን አያይም። በመረጃው ላይ ሐይቃችን እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። እኛ ምን አደረግን? ዳሩን ግራጫ፣ መሀሉን ጥቁር አድርገን በግምት ቀባነው። ፕሮግራሙም የሰጠነውን ተቀብሎ አሳምሮ አወጣው። ትክክል ይሁን አይሁን አይጠይቅም።

አንድ አሳ አጥማጅ አባታችን ሰሌዳው ፊት ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ «ልጆቼ፣ ወንዙን የት አደረጋችሁት?» አሉን። ዝም አልን። ግድቡ ሳይሠራ አልዌሮ ይሄድበት የነበረው ቦይ ዛሬም ከውሃው ሥር አለ። ከዳር ብዙም በማይርቅበት ቦታ ልጅ እስከ ጉልበቱ ቆሞ አንድ እርምጃ ቢጨምር መሬቱን ያጣዋል። በእኛ ሥዕል ላይ ያ ቦታ ለስላሳ ተዳፋት ነበር። ሥዕል ባይኖር ልጁ ይፈራል፤ የተሳሳተ ሥዕል ግን ደፋር ያደርገዋል። በመሆኑም በዚያው ቀን አነሳነው።

አሁን ጥልቀቱን እኛው ራሳችን መለካት አለብን። በየ1 ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሮ ከታንኳ ላይ ይወርዳል፤ እስከ ሥሩ ስንት ቋጠሮ እንደገባ ይቆጠራል፣ ቦታው ይመዘገባል። ውሃው በክረምት ሞልቶ በበጋ ስለሚጎድል መለካቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የዚያን ሳምንት የውሃ ልክም ዳር ላይ በተተከለ እንጨት ላይ ምልክት እናደርጋለን። ያልተለካውን ቦታ በሥዕሉ ላይ ባዶ እንተወዋለን እንጂ በግምት አንቀባውም።

ስለዚህ ታንኳ ያላችሁ፣ የድሮውን ወንዝ መሄጃ የምታስታውሱ ሽማግሌዎችና አሳ አጥማጆች በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እዚሁ ሰሌዳው አጠገብ እንድትገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ገመድ ያለው ገመድ ያምጣ። አዞ ስላለ ውሃው ላይ የሚወጡት ልምድ ያላቸው ብቻ ናቸው፤ ወጣቶች ዳር ሆነው ይመዘግባሉ።

እስከዚያው ድረስ ወላጆች ልጆቻችሁን ብቻቸውን ወደ ውሃው አትላኩ። ሰሌዳው ለጊዜው ባዶ ነው፤ ባዶ የሆነበትን ምክንያት ለልጆቻችሁ ንገሩልን።



የማኅበሩ ጸሐፊ