መድኃኒት የጠጣ ቋሚ

ክረምቱ ወጥቶ፣ መሬቱ ገና ለዶማ እሺ በሚልበት ወቅት ብዙ ሰው አጥሩን ዞር ዞር ብሎ ያያል። ከሩቅ ቀጥ ብሎ የቆመ የሚመስለው ቋሚ ገፋ ሲያደርጉት ዘመም ይላል። ከላይ ደህና ነው፤ ሽቦውም ሚስማሩም እንዳለ ነው። ጉዱ ያለው እግሩ ላይ ነው። አፈሩን አንድ ስንዝር ያህል ጫር አድርጋችሁ በቢላ ጫፍ ወጋ አድርጉት። ጤነኛ እንጨት ቢላውን አያስገባም። የበሰበሰው ግን ዝም ብሎ ይውጠዋል፤ ስትነቅሉትም እርጥብ ፍርፋሪ ብቻ ይዞ ይወጣል።

እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ከመሬት በላይ ያለውን ዝናብ ቢመታውም ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። ጠልቆ የተቀበረው ደግሞ አየር ያጥረዋል። ሁለቱም እንደ ልብ የሚገኙት ከመሬቱ ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ምስጥ ባለበት አገር፣ ለምሳሌ በምዕራብ ወለጋ በኩል፣ የእሱ ጥፋት ይጨመርበታል። አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ተመራማሪዎች ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የልዩ ልዩ ዛፎችን ቋሚዎች መሬት ውስጥ ተክለው ስንት ዓመት እንደሚቆዩ ለአሥርተ ዓመታት ተከታትለዋል። ቋሚውን ከአናቱ ሳብ ያደርጉታል፤ ከተሰበረ ዕድሜው ይመዘገባል። እዚያም ቢሆን አብዛኛው የሚሰበረው ከመሬቱ ወለል አካባቢ ነበር።

የትኛው እንጨት እንደሚቆይ አባቶቻችን ያለ ቤተ ሙከራ ያውቁ ነበር። ለአጥር ጥድ፣ ለጠንካራ ሥራ ወይራ ይሉ ነበር። የእነዚህ ዛፎች ልብ፣ መሐሉ ላይ ያለው ጠቆር ያለ እንጨት፣ ዛፉ ራሱ ባዘጋጀው መከላከያ የተሞላ ስለሆነ ምስጡም ፈንገሱም ቶሎ አይደፍረውም። ግን ዛሬ ለአጥር ብሎ የሐበሻ ጥድ መቁረጥ የተረፈችንን ጥቂት ደን መጨረስ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ምክር ለማንም አልሰጥም።

ስለዚህ እጃችን ላይ ያለው ባህር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ የማገዶና የእንጨት ችግር መፍትሔ ሆኖ መጣ፤ ዛሬ አጣናውም፣ ቋሚውም፣ ማገሩም ከእሱ ነው። ችግሩ፣ ለአጥር የሚቆረጠው ገና ወጣቱ መሆኑ ነው። ወጣት ባህር ዛፍ ልቡ ቀጭን ነው፤ አብዛኛው አካሉ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ እንጨት ነው። ነጩ እንጨት ዛፉ ውኃ የሚያመላልስበት ክፍል ስለሆነ ስኳርና ስታርች አለው፣ መከላከያ ግን የለውም። ጥሬውን ከተከላችሁት ምስጥ ባለበት ቦታ አንድ ሁለት ክረምት ካለፈው ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርጋቸውን ሁለት ነገሮች ላንሳ። አንደኛው የቋሚውን እግር በእሳት መለብለብ ነው። ከሰል የሆነውን ላዩን ፈንገስ አይበላውም፤ ነገር ግን ከሰሉ ሥር ያለው እንጨት እንደነበረው ነው፣ በስንጥቁም እርጥበት ይገባል። ሁለተኛው የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ነው። ዘይቱ ከላይ ከላይ ያጠቁረዋል እንጂ ጠልቆ አይገባም፤ አፈሩንና ውኃውን ግን ይበክላል። ጉድጓድ አጠገብ ላለው አጥር ይህን የምታደርጉ ካላችሁ እባካችሁ ተዉት።

መድኃኒት የገባበት እንጨት የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የተላጠውና በደንብ የደረቀው እንጨት በትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ ተዘግቶ በውስጡ ያለው አየር ይመጠጣል፤ ከዚያ መድኃኒቱ በኃይለኛ ግፊት ይገባበታል። ለመብራትና ለስልክ ምሰሶ የምናውቀው፣ ጥቁሩና ሬንጅ ሬንጅ የሚሸተው፣ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣው ክሪዮሶት ነው። አረንጓዴ መልክ የሚሰጠው ደግሞ መዳብ፣ ክሮምና አርሴኒክ የተቀላቀሉበት ነው፤ ህንዳዊው ሶንቲ ካሜሳን በፈረንጆቹ 1933 ያገኘው ቀመር ነው። መዳቡ ፈንገሱን ይከላከላል፣ አርሴኒኩ ምስጡን፣ ክሮሙ ደግሞ ሁለቱ በዝናብ ታጥበው እንዳይሄዱ ከእንጨቱ ጋር ያጣብቃቸዋል። በሚገባ የተሠራበት ቋሚ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆማል።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱን የሚጠጣው ያ ደካማው ነጩ እንጨት ነው። ልቡ ዝግ ስለሆነ ብትገፉበትም አይቀበልም። ስለዚህ ጥሬ እንጨት ስትገዙ ልቡ የወፈረውን ትፈልጋላችሁ፤ መድኃኒት የገባበትን ስትገዙ ግን ዓይናችሁን አዙሩ። ነጩ ዙሪያውን ያልተነካ፣ ክብ ሆኖ የቆየ፣ በመጋዝ ያልተሰነጠቀ ቋሚ ይሻላል። አራት ማዕዘን ሆኖ የተጠረበው ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን መጋዙ መድኃኒት የሚጠጣውን ክፍል ወስዶ የማይጠጣውን ልብ ወደ ውጭ አውጥቶታል።

መጋዘን ስትሄዱ የእንጨቱን ላዩን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። ከተደረደሩት አንዱን ምረጡና ሻጩን ከመካከሉ ቆርጦ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ብዙ የምትገዙ ከሆነ አንድ እንጨት ቢባክን አይጎዳም። ቁርጡ ላይ አረንጓዴው ወይም ጥቁሩ ዙሪያውን ሳይቋረጥ፣ ነጩን እስከ ልቡ ዳርቻ ድረስ ሞልቶት ልታዩት ይገባል። አንዱ ወገን ቀጭን፣ ሌላው ወገን ገርጣ ያለ ከሆነ መድኃኒቱ የገባው እንጨቱ ሳይደርቅ ነው ማለት ነው፤ በውኃ የተሞላ እንጨት መድኃኒት የሚይዝበት ቦታ የለውም። በሚስማር ጫር ስታደርጉት ከሥሩ ጥሬ እንጨት ብቅ ካለም የተቀባ ቀለም እንጂ የገባ መድኃኒት አይደለም። ረጅም ስንጥቅ ያለበትንም ተዉት፤ ባህር ዛፍ መሰንጠቅ ይወዳል፣ ስንጥቁም ምስጡን በቀጥታ ወደ ጥሬው ልብ ይወስደዋል።

የተቆረጠውን ጫፍ መሬት ውስጥ አትቅበሩ። ማሳጠር የግድ ከሆነ ከላይ በኩል ቁረጡ፣ ያልተነካው እግር ይቀበር። ሲሚንቶ የምትሞሉም ከሆነ ከታች ውኃ መውጫ ይኑረው፤ እንደ ኩባያ ከዘጋችሁት ቋሚው ክረምቱን በሙሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይከርማል።

ዋጋው ከጥሬው አጣና ይበልጣል፣ እውነት ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት ያልቻለ ለማዕዘኖቹና ለበሩ ይግዛ፤ የሽቦው ውጥረት በሙሉ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። መካከሉን ቅንጭብ ወይም ሌላ ሕያው አጥር ቢይዘው ጥሩ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ያስጨንቀኛል። እኛ አገር የወደቀ እንጨት ሁሉ መጨረሻው ምድጃ ነው። አረንጓዴው ቋሚ ግን ቁራጩም ሆነ ፍቅፋቂው መቃጠል የለበትም፤ ጭሱ አርሴኒክ አለበት፣ አመዱም መርዝ ነው። ክሪዮሶት የጠጣውም እንዲሁ እንጀራ ሊጋገርበት አይገባም። በረት ውስጥ ከብት የሚልሰው ገንዳም አይሠራበት። በአሜሪካና በአውሮፓ አርሴኒክ ያለበት እንጨት በፈረንጆቹ ከ2004 ወዲህ ለመኖሪያ ቤት ግቢ እንዳይውል የተከለከለው፣ ለእርሻ አጥር ግን በአሜሪካ እስካሁን የሚፈቀደው፣ የሰው እጅ የሚደርስበትና የማይደርስበት ቦታ ስለሚለያይ ነው። ይህ ቋሚ ሃያ ዓመት ይቆማል ብለናል። ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው ዛሬ የተከለው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቋሚውን በምትተክሉበት ቀን ልጆቻችሁን ጥሯቸው፤ እንጨቱ ምን እንደጠጣ ንገሯቸው፤ ለእናታቸውም፣ እሳት ለምታነድደው ለማንኛዋም ሴት ንገሩ።