የልብ ተጠባባቂ ኃይል



ከሰውነት ተነጥሎ የወጣ የእንስሳ ልብ፣ ተስማሚ ፈሳሽ እስካገኘ ድረስ፣ ነርቭ ሳያዝዘው ለጊዜው መምታቱን ይቀጥላል። ይህም የሚሆነው ልብ ማመንጫውን በራሱ ውስጥ ስለያዘ ነው።

ማመንጫው በቀኙ የላይኛ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚገኝ፣ ኪዝና ፍላክ የተባሉ የብሪታንያ ሊቃውንት በ1907 (እ.ኤ.አ.) የገለጹት አንጓ ነው። አዮኖች በሕዋሳቱ ሽፋን በኩል ቀስ በቀስ ሲገቡ፣ ከኔጋቲቭ 60 ሚሊቮልት ገደማ የተነሣው ቮልቴጅ ኔጋቲቭ 40 አካባቢ ሲደርስ ምልክቱ በድንገት ይፈነጥቃል፤ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል። በዕረፍት ጊዜ ይህ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይደጋገማል።

ምልክቱ የላይኞቹን ክፍሎች አኮማትሮ ወደ ታች ሲወርድ፣ በመካከል ያለው ሁለተኛ አንጓ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ያዘገየዋል። መዘግየቱ ጉድለት አይደለም፤ የታችኞቹ ክፍሎች ደም እንዲሞሉ ጊዜ የሚሰጥ ነው። የላይኛው ማመንጫ ቢደክም ይኸው አንጓ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 እየመታ ይተካዋል፤ እርሱም ባይችል የታችኞቹ ክፍሎች አስተላላፊ ቃጫዎች ከ20 እስከ 40 ይመታሉ። ተፈጥሮ ሕይወትን ለአንድ መስመር ብቻ አላስረከበችም።

የሰው ልጅ ግን ይህን የዘነጋበት ጊዜ ነበር። በ1950ዎቹ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሊላሃይ የሕፃናትን ልብ ሲጠግኑ፣ የስፌቱ ክር አንዳንድ ጊዜ የምልክቱን መስመር ይጎዳ ነበር። የእነዚያ ሕፃናት ልብ የሚመታው ከግድግዳ ሶኬት ኃይል በሚወስድ መሣሪያ ነበር። በኦክቶበር 31 ቀን 1957 በሚኒያፖሊስ ከተማ መብራት ጠፋ። ሶኬቱ ሲሞት መሣሪያውም አብሮ እንደሚሞት በዚያች ዕለት ግልጽ ሆነ።

ሐኪሙም የሆስፒታሉን መሣሪያዎች ይጠግን የነበረውን መሐንዲስ ኤርል ባከንን መፍትሔ ጠየቁት። ባከን ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት የሜትሮኖም ንድፍ ወስዶ፣ በሁለት ትራንዚስተሮችና በባትሪ የምትሠራ፣ በእጅ የምትያዝ ሣጥን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አበጀ። ሕፃናቱም ከግድግዳው ተፈትተው ሣጥኗን አንግተው መራመድ ቻሉ።

ባከን በዚህ ሥራው አዲስ የተፈጥሮ ሕግ አላገኘም፤ ልብ አስቀድሞ የሚሠራበትን ሥርዓት ለመሣሪያው አዋሰው እንጂ። ስለሆነም ለሆስፒታልም ሆነ ለውኃ ፓምፕ ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስ፣ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ከወሰነ በኋላ ሥራው አላለቀም። መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ ተተኪው ማን እንደሆነ በንድፉ ላይ ሊያሳይ ይገባዋል።