ከአሰብ እስከ ኩታበር፦ የነዳጅ መንገድ

ወሎ ውስጥ፣ ኩታበር ከተማ ላይ በጄሪካን የሚሸጠው ነጭ ጋዝ ወይም የሚኒባሱ ናፍጣ ምን መንገድ ተጉዞ ይመጣል? ዛሬ እሱን እናያለን።

በደርግም ሆነ ከዚያ በፊት መልሱ ባጭሩ «ከአሰብ» ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 በሶቪየት ኅብረት ብድርና ባለሙያ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ ድፍድፍ በመርከብ ያስመጣ፣ እዚያው ያጣራ ነበር። ቦቴዎቹ የአፋርን በረሃ አቋርጠው በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ በኩል ደሴ ይደርሱ ነበር። ከዚያ ኩታበር ቅርብ ናት።

ማጣሪያው በ1997 ተዘጋ። በዓመቱ፣ በግንቦት 1998፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ የአሰብ መንገድም ተቆረጠ። ንግዱ በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አሁን ቦቴው በጋላፊ ይገባል። የሚገርመው ግን ለወሎ ሰው የመጨረሻው ጉዞ አልተለወጠም፦ ከሚሌ ወዲህ ያው ባቲ፣ ያው ኮምቦልቻ፣ ያው ዳገት ነው።

ሌላው ለውጥ ዕቃው ራሱ ነው። ድፍድፍ መግዛት ቀርቶ የተጣራ ነዳጅ እንገዛለን። ናፍጣው በረጅም ጊዜ ውል በአብዛኛው ከኩዌት ሲመጣ ኖሯል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የቤንዚኑ ከፊል በመተማ በኩል ከሱዳን ይገባ ነበር። ያን ቤንዚን ያመርት የነበረው የካርቱም ማጣሪያ የተሠራው ከቻይና ጋር በሽርክና ነው። እንግዲህ የሩቅ ምሥራቅ ገንዘብም በተዘዋዋሪ እኛ ማደያ ደርሷል ማለት ነው።