መኪናው አልነሳ ሲል

ብዙዎቻችን የምንነዳው ያረጀ ኮሮላ ነው። ጠዋት ልጆቹ ተሳፍረው ቁልፍ ስናዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ ባትሪ ከመግዛታችን በፊት የሞተሩን ክዳን እንክፈት። የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ኤሌክትሪክ በደንብ አያልፍም።

ቁልፉን ነቅለን፣ ጓንት አጥልቀን፣ መጀመሪያ የኔጌቲቩን ሽቦ፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን እንፍታ። ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ በነከርነው አሮጌ የጥርስ ብሩሽ እንፈግፍገው። ካደረቅን በኋላ ፖዘቲቩን አስቀድመን እንሰር።

አሁንም ካልተነሳ ባትሪውን እናስለካ፤ ሙሉ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ፍሬን ግን የመካኒክ ሥራ ነው፤ በእሱ አንቆጥብም።

የሒሳብ ሠራተኞች ነንና አንድ ነገር እንጨምር፦ የተቀየረውን ዕቃ፣ ቀኑንና የከፈልነውን በደብተር እንመዝግብ። ጋራዥ ስንሄድ ደብተራችን ይከራከርልናል።